የሦስተኛው ቀን ቅጠል

ውሸታም አይደለሁም። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም፤ እንዲያውም በዕድሜዬ ካጠፋሁት ጥፋት ሁሉ ትልቁን ያጠፋሁት እውነት ተናግሬ ነው። ስምንት ዓመቴ ነበር። አባቴ ጭን ላይ ተቀምጬ፣ ስኳር የተነሰነሰበት ዳቦ እየገመጥኩ፣ አንድም ሳልጨምር አንድም ሳላስቀር የማውቀውን ሁሉ ዘከዘክሁለት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። እኔ ይኸው ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ያልሞከርኩት ቅቤ የለም።

ቤታችን የናና ዘይት የሚወጣበት ቤት ነበር። ከመኖሪያችን ጀርባ በቆርቆሮ የተሠራ ረጅም ክፍል አለ፤ ማንጠሪያ ቤት እንለዋለን። እዚያ ውስጥ አንድ ትልቅ በርሜል ምድጃ ላይ ተጎልቶ፣ በውሃና በናና ቅጠል ተሞልቶ፣ ክዳኑ ዙሪያውን በሊጥ ተመርጎ ቀኑን ሙሉ ይፈላል። እንፋሎቱ የቅጠሉን ዘይት ይዞ በቱቦ ይወጣል፤ ቱቦው ቀዝቃዛ ውሃ በሞላ ገንዳ ውስጥ ተጠምዝዞ ያልፍና ጫፉ ላይ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ከሥሩ በተቀመጠው አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ ውሃው ከታች ይቀራል፣ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል። ያን ሁሉ ቅጠል በልቶ የሚሰጠው ዘይት አንዲት የሻይ ብርጭቆ አይሞላም። ልብሳችን፣ ፀጉራችን፣ ትራሳችን ሳይቀር ናና ናና ይሸታል። ትምህርት ቤት በስሜ ጠርቶኝ የሚያውቅ ልጅ አልነበረም፤ «ማስቲካ» ነበር የሚሉኝ።

ማንጠሪያ ቤቱን ለአባቴና ለእህቱ ያወረሳቸው አያቴ ነው። አብሮ አንድ ሕግ አውርሷቸዋል፤ ከዚህ ደጃፍ ጠብታ አይወጣም። ሠራተኛ ማታ ሲወጣ እጁን ታጥቦ፣ ኪሱን ገልብጦ አሳይቶ ነው። በዚህ ሥራ የዘይት ሌባ ከተባልክ አለቀልህ፤ የማንም ማንጠሪያ ቤት ደጃፍ አያስረግጥህም።

የእሳቱ ሰው አክስቴ ነበረች፤ እቴቴ እላታለሁ። አባቴ ቅጠል ይገዛል፣ ዘይት ይሸጣል፣ ከሰው ጋር ይጫወታል። እሷ ታነጥራለች። ባል አላገባችም፤ እኔ የምተኛው እሷ አልጋ ላይ ነበር። እግሯ በጋ ከክረምት በረዶ ነው። ማታ ማታ እግሬ ላይ ትለጥፈውና «ምድጃዬ» ትለኛለች፤ እኔም ስቀዘቅዝ እያደርኩ ምድጃ በመባሌ እኮራ ነበር።

ታዲያ ዘይታችን አንድ ነውር ነበረበት፤ እርር እርር ይላል። ዘይት ሊገዛ የሚመጣውን ሰውዬ አሽታቹ እንለው ነበር። ቀጭን ወረቀት ዘይቱ ውስጥ ይነክርና ዓይኑን ጨፍኖ ያሸታል፤ ከዚያ «ዛሬም አርሯል» ብሎ ይቀመጣል። እሱ በሄደ ቁጥር አባቴ ይነጫነጫል። ናና አብቃዮቹን ይራገማል፣ ዝናቡን ይራገማል፣ ድመቷን በእርግጫ ይመታል።

እቴቴ ማንንም አልተራገመችም። አንድ ቀን በርሜሉ ውስጥ ገብታ በቢላ ስትፍቅ ቆየችና ጥላሸት መስላ ወጣች። ቅጠሉ ውሃ ውስጥ ሲቀቀል ሥሩ ይጣበቃል፣ የተጣበቀው ያርራል፣ ያረረው ዘይቱን ያበላሻል አለች። ታዲያ ሥራውን የሚሠራው እንፋሎቱ ከሆነ ቅጠሉ ውሃ ውስጥ ምን ያደርጋል? የአሮጌ በርሜል ክዳን አምጥታ ቀኑን ሙሉ በምስማርና በመዶሻ ስትበሳው ዋለች። ወንፊት አደረገችው። ከዚያ በርሜሉ ውስጥ ከውሃው በላይ በሦስት እግር አቆመችውና ቅጠሉን እላዩ ላይ አነጠፈችው። አባቴ አይቶ በሳቅ ሞተ። «ጉድ እኮ ነው፤ አሁንስ ለናናም አልጋ አነጠፍሽለት» አላት። እሷም ሳቀች። ሁለቱ አብረው ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ የመጨረሻዬ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ እረፍት የላትም። ለሙከራ የምትሆን ትንሽ በርሜል አዘጋጀች። ቅጠሉን እንደተቆረጠ ከማንጠር ጥላ ላይ ቢሰቀል፣ ውሃውን ጨርሶ ዘይቱን ቢይዝስ እያለች እቅፍ እቅፉን በገመድ መስቀል ጀመረች። ሁልጊዜ በሚዛን እኩል ቅጠል ትከታለች፤ የወጣውን ዘይት በሙሉ በትንሽ የመድኃኒት ጠርሙስ ታደርግና የቱ ጠርሙስ ከየቱ ይበልጥ እንደሞላ ታያለች። ፊደል አልቆጠረችም። ስለዚህ የጠርሙሱ አንገት ላይ ክር ታስራለች። አረንጓዴ ክር ውሃ ውስጥ የተቀቀለ ነው፤ ቢጫ ክር ወንፊት ላይ የተኛ ነው፤ ቋጠሮው ደግሞ ቅጠሉ ጥላ ላይ የቆየበትን ቀን ይቆጥራል። ጣቷ በእሳት የደነደነ ስለሆነ ቋጠሮውን የማስረው እኔ ነኝ። «ይቺ አንድ ሌሊት ተኝታለች፣ አንድ ቋጠሮ። ይቺ ሁለት» ትለኛለች። ስንጨርስ ጠርሙሶቹን ሳጥን ውስጥ ደርድራ አልጋችን ሥር ትገፋዋለች።

«ለማንም እንዳትነግሪ። ያላለቀ ነገር አይወራም» አለችኝ።

ማልኩላት። መሐላ ሲሉኝ ደስታዬ ነው፤ አስር ጊዜ ማልኩላት።

አሁን እኔ የዚያን ጊዜው ጭንቅላቴ ውስጥ ምን እንደነበር ልንገራችሁ። የጎረቤታችን ልጅ ልታገባ ስትል አልጋዋ ሥር ባለ ሳጥን ዕቃ ስታጠራቅም አይቻለሁ። ፎጣ፣ ሳሙና፣ ብርጭቆ። እንግዲህ የእቴቴም ሳጥን ከዚህ የተለየ ሊሆን አይችልም። ባሏ ማን እንደሆነ ግን ገና አላወቅሁም ነበር።

አወቅሁ። አሽታቹ መጣ፤ ወረቀቱን ነከረ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ አሸተተ። እንደገና ነከረና እንደገና አሸተተ። ዓይኑን ሲገልጥ ፊቱ ሌላ ሰው መስሏል። ይህን ማን አነጠረው ብሎ ጠየቀ። አባቴ ቤቱ ነው፣ ሁላችንም ነን አለ። አሽታቹ ግን ዓይኑ በሩ ላይ ቆማ እጇን የምታደርቀው እቴቴ ላይ ነበር። ወደ ማንጠሪያ ቤት ተከትሏት ገባ። እኔ ቅጠል የታጨቀበት ከረጢት ኋላ ነበርኩ። የተበሳውን ክዳን አንስቶ ወደ ብርሃን አነጣጥሮ በቀዳዳዎቹ አየ፤ ሳቀ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ብዙ አወራት። የሰማሁት እየተቆራረጠ ነው። እኔ ጋ ይምጡ አላት። ስምዎ ወረቀት ላይ ይሰፍራል አላት። ወንድምዎን እኔ ራሴ አነጋግራቸዋለሁ አላት። እቴቴ እንደ ልጃገረድ አቀረቀረች።

«ትንሽ ይታገሡኝ። አንድ የቀረኝ ነገር አለ» አለችው።

ሌላ ምን ምስክር ያስፈልገኛል? ወንድሟን ሊለምን ነው፣ ሊወስዳት ነው፣ የቀራት ነገር ደግሞ የሳጥኗ ዕቃ ነው። ሰውዬው ሚስትና አምስት ልጆች እንደነበሩት፣ አራት በርሜል ያለው ማንጠሪያ ቤት ከፍቶ የምትመራለት ሰው እየፈለገ እንደነበር የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። የዚያን ሌሊት በረዶ እግሯ እግሬ ላይ ተለጥፎ፣ እሷ ስታንኮራፋ፣ እኔ ትራሴን ነክሼ አለቀስኩ። ሌላ ቤት ሄዳ ማንን ምድጃዬ ልትል ነው? ቅናት ነው እንግዲህ፤ ሌላ ስም የለውም።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁት። ከአሽታቹ ጋር ከተነጋገሩ ወዲህ ከሰው ጋር መጫወት ትቷል። እቴቴ ልትሄድ ነው አልኩት። ከማን ጋር አለኝ። ከአሽታቹ ጋር፤ ጠርሙስ እያጠራቀመች ነው፣ አልጋችን ሥር አለ አልኩት። አባቴ «የምን ጠርሙስ?» አለና ዓይኑ ፈጠጠ። እንዲያ ሲደነግጥ አይቼው አላውቅም። አንስቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠኝ፣ ዳቦዬ ላይ ስኳር ጨመረልኝ፣ ፀጉሬን እየዳበሰ ቀስ እያለ ጠየቀኝ። ክሩስ ምንድን ነው? ቢጫውስ? ቋጠሮውስ? የሞላው ጠርሙስ የቱ ነው? ሁሉንም ነገርኩት። በጣም የሞላችው አሥራ ሁለተኛዋ ናት፣ ቢጫ ክር ሁለት ቋጠሮ አልኩት።

«አይዞሽ፣ የትም አትሄድም» አለኝ። እኔም ዳቦዬን ጨረስኩ።

ማክሰኞ አሽታቹ ወረቀት ይዞ መጣ። አባቴ ሠራተኞቹን ሳይቀር ሳሎን ሰበሰበና ሳጥኑን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሲከፍተው የናናው ሽታ ክፍሉን ሞላው፤ ዓይኔን ቆጠቆጠኝ። አባታችን ምን ብሎ እንደሞተ ታውቂያለሽ አላት። ከዚህ ደጃፍ ጠብታ አይወጣም። እህትም ብትሆን ሌባ ሌባ ነው።

እቴቴ አልጮኸችም። ጠርሙሶቹን አየች፣ ከዚያ እሱን አየችው።

«እነዚህን ጠርሙሶች አታውቃቸውም?»

«ከየት አውቃቸዋለሁ?» አለ አባቴ።

እኔ ከበሩ ኋላ ሆኜ እውነቱን ነው አልኩ በሆዴ፤ እኔ እስክነግረው ድረስ ከየት ያውቃል? አሽታቹ ኮፍያውን አነሳ። ማንንም ሳያይ፣ በዚህ ሥራ እጁ ያልታመነ ሰው ማስገባት እንደማይችል ተናግሮ ወጣ። ወረቀቱ ግን ጠረጴዛው ላይ ቀረ፤ በሳምንቱ ተመልሶ ከአባቴ ጋር ተፈራረሙበት።

እቴቴ ልብሷን በአንድ ቦርሳ ከተተች። በሩ ላይ ስትደርስ እናቴን አየቻት። «ክፍሌን የሚጠርግ አንድ ሰው ነው» አለች። እናቴ መጥረጊያዋን እንደያዘች መሬት መሬት አየች። ከዚያ እቴቴ ጎንበስ ብላ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው። እጇ ናና ይሸታል። «ደህና ሁኚ፣ ምድጃዬ። መሐላሽን ያላፈረስሽ አንቺ ብቻ ነሽ» አለችኝ። እኔ ምን እንደተሰማኝ ልናገር? ደስ አለኝ። እኔ መሆኔን አላወቀችም ብዬ ደስ አለኝ። እያለቀስኩ ደስ አለኝ።

ማንጠሪያ ቤት ውስጥ ገመዱ ላይ አንድ እቅፍ ናና ተሰቅሎ ቀርቶ ነበር። ሦስተኛ ቀኑ በማግሥቱ ነበር። ከጎኑ ምስማር ላይ ቢጫ ክር ተዘጋጅቷል። እናቴ አውርዳ ከጉድፉ ጋር ጠርጋ ጣለችው።

አባቴ ከዚያ ወዲህ ስድስት በርሜል ተከለ። ስድስቱም ውስጥ የተበሳ ክዳን አለ። የነጋዴዎች ማኅበር ለፈጠራ ሥራው ብሎ የሸለመው ወረቀት በመስታወት ተከድኖ ሳሎን ተሰቀለ። በእቴቴ ወንፊት ተማርኩ፣ በእቴቴ ወንፊት ተዳርኩ። ታዲያ አንድ የሚገርመኝ ነገር ነበር። አባቴ ቅጠሉ ለምን እንደሚሰቀል የሚጠይቀው ሠራተኛ ላይ ይቆጣል። ሁለት ቀን ነው፤ ቀን አትጨምሩ፣ ቀን አትቀንሱ ይላል። እኔ ጥንቃቄ ይመስለኝ ነበር። ለካ የማያውቀውን ነገር ነክቶ እንዳያበላሽ ፈርቶ ነው። ከአሥራ ሁለተኛዋ ጠርሙስ አንገት ላይ ካነበበው አንዲት ፊደል ሳያልፍ ሞተ።

እቴቴ ሌባ ነበረች ብዬ ሠላሳ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። ትወደኝ ነበር፣ ግን ሌባ ነበረች። አባቴ ከሞተ በኋላ ከእናቴ ጋር ቁም ሣጥኑን ስናጸዳ አንዲት ባዶ የመድኃኒት ጠርሙስ እጄ ላይ ወደቀች። እነዚያን ትመስላለች አልኳት። እናቴ ዞር ሳትል፣ ጨርቅ ማጠፏንም ሳታቆም መለሰችልኝ።

«እነዚያኑ ናት። አሥራ ሦስት ነበሩ። ከፋርማሲ የገዛላት እኮ አባትሽ ራሱ ነው። ‹ይኸው፣ እንደ ልብሽ ሞክሪ› ብሎ ሲሰጣት እዚሁ ቆሜ ነበር።»

ታዲያ ያን ዕለት ለምን ዝም አልሽ አልኳት።

«የት ልሄድ?» አለችኝ።

እቴቴን ለማግኘት አራት ወር ፈጀብኝ። የሌላ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ አጣቢ ሆና ኖራለች። አሁን ጡረታ ወጥታ በአንዲት ክፍል ብቻዋን ነው ያለችው። በሩን ስትከፍትልኝ አላወቀችኝም። እንደምን ነዎት ብዬ ማን እንደሆንኩ ስነግራት አየችኝና «ድሮ አንቺ ነበር የምትዪኝ» አለች። ከዚያ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። በረኪና ትሸታለች። እኔ ግን ከማንጠሪያ ቤት በቀጥታ ነበር የመጣሁት፤ ከእግር እስከ ራሴ ናና ነኝ። ሽታው አልደረሳትም። የበረኪናው እንፋሎት አፍንጫዋን ከገደለው ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ወጥ ቢያርርባት የምታውቀው ጭሱን ስታይ ነው።

የመጣሁት ልናዘዝ ነበር። መንገዱን ሙሉ ቃሉን ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት። መጀመሪያ ግን ተመለሺ አልኳት፤ ግማሹ የአንቺ ነው፣ የተሰቀለውን ወረቀት አውርጄዋለሁ፣ ስምሽን አስጽፋለሁ። ሳቀች። አፍንጫ የሌለው ሰው ማንጠሪያ ቤት ምን ሊሠራ ነው አለችኝ። ከዚያ እጄን ይዛ፣ እኔ አፌን ልከፍት ስል፣ እሷ ቀደመችኝ።

«እናትሽ መሆኗን ያን ዕለቱኑ አውቄያለሁ። ከዚያ ቤት ሁሉም ከዳኝ። እኔ ግን በባሰብኝ ቁጥር፣ ያቺ ልጅ አልተናገረችም እላለሁ። ስምንት ዓመቷ ነው፣ ግን አልተናገረችም። በዚህ ነው የኖርኩት።»

ያን ያዘጋጀሁትን ቃል ሁሉ ዋጥኩት። እናቴ ከሠላሳ ሦስት ዓመት በኋላ ደግማ ተከሰሰች፣ እኔም ደግሜ ዝም አልኩ።

«ደግሞ አንድ ሌላ ነገር አለ» አለች፤ ዓይኗ በራ። «የወሰዱት ያላለቀ ነገር ነው። ሦስተኛው ቀን ቀርቶኝ ነበር። ገመዱ ላይ ትቼው ነው የወጣሁት። ስንት ቀን ነው የምትሰቅሉት?»

ሁለት አልኳት።

«አየሽ!» አለች፣ ጭኗን መታ አድርጋ። «ሁለት! ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ ያልበሰለ ነገር በላ። አንቺ ሦስት ቀን አድርገሽ አንጥሪና አምጪልኝ። አደራ።»

ሄድኩ፣ በሚዛን መዝኜ ሰቀልኩ፣ ሦስት ቀን ቆጠርኩ። በሦስተኛው ቀን ቅጠሉ ሳወርደው እጄ ላይ ይፈረፈራል። ዘይቱ የጠርሙሷን ግማሽ እንኳን አልደረሰም፤ ስከፍተውም የሚሸተው ድርቆሽ ነው። እቴቴ ሥራውን ከእናቴ መጥረጊያ በፊት ጨርሳው ነበር ማለት ነው። ያ ክፉ ቀን ሲመጣ በአሥራ ሁለተኛዋ ጠርሙስ ሁሉም ነገር አልቋል፤ አባቴ የወሰደባት ሙሉውን ነው። ይህን ሄጄ ልንገራት? ጠርሙሷን ይዤ ብዙ ቆምኩ። ከዚያ ከሁለተኛው ቀን ዘይት ጨምሬ እስከ አንገቷ ሞላኋት። ቢጫ ክር ፈልጌ ሦስት ቋጠሮ አሰርኩ። ጣቴ እንደዚያን ጊዜው አልታዘዘኝም።

እቴቴ ጠርሙሷን ከእጄ ስትቀበል መጀመሪያ ያየችው ልኳን ነው። «እስከ አንገቷ!» አለች። ክሩን በጣቷ ቆጠረችው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ክዳኑን ከፍታ አፍንጫዋ ሥር ያዘችው፣ እንደ አሽታቹ ዓይኗን ጨፈነች፣ ደጋግማ ሳበች። ምንም። ዓይኗን ገልጣ ጠርሙሷን ወደ እኔ ዘረጋችልኝ።

«አንቺ ንገሪኝ። እንዴት ነው? አንቺ ዋሽተሽኝ አታውቂም።»

አሸተትኩ። ከናናው ሥር ድርቆሹ ይሸታል።

«ከሁሉም ይበልጣል፣ እቴቴ» አልኳት።

«አውቅ ነበር» አለች። ሳቀች፤ ጥርስ የቀረው በጥቂቱ ነው። እግሯን ሶፋው ላይ ሰቅላ ወደ እኔ አስጠጋችው። በካልሲው ላይ እንኳን በረዶ ነው። ዛሬ ይሞቀኛል መሰለኝ አለች። እንግዲህ ከአሁን ወዲያ ሦስት ቀን አድርጉት አለችኝ፤ እሺ አልኳት፣ አስማለችኝ፣ ማልኩላት።

በማግሥቱ ማንጠሪያ ቤት ስገባ ሠራተኞቹ የተሰቀለውን ቅጠል እያዩ ይጠብቁኛል። ስንት ቀን እናቆየው አሉኝ። ሁለት አልኳቸው።